ዋያት ሦስት ጊዜ ሄደ

«ቴሳ፣ ወተትሽ እስከዚህ ድረስ ነበር እኮ፤» አለች የፕሮግራሙ አዘጋጅ ጆስሊን፣ ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ እያሳየቻት። «ጠጣሽው እንዴ?»

ቴሳ አልጠጣችውም። ፈስሶ ነው። ወንድሟ ዋያት ወንበሩን ገፍትሮ ሲነሳ ጠረጴዛው ተናግቶ ወተቱ ተደፋ፤ እናቷም በጨርቅ ጠረገችው። ይህ የሆነው ከአንድ ሰዓት በፊት፣ የቀረጻ ሠራተኞቹ ምሳቸውን ሊበሉ ወደ መኪናቸው በሄዱበት ጊዜ ነው። አሁን ግን ሁሉም ነገር በፎቶው ላይ እንደነበረው እንዲመለስ ተፈልጓል። ወተቱ፣ የተቆራረጠው ዶሮ፣ የተፈጨው ድንች። ዋያትም ጭምር።

የቴሳ ቤተሰብ፣ ላም አላቢዎቹ ሃልቮርሰኖች፣ በሚኖሩበት በአሜሪካዋ ሚኒሶታም ሆነ ከዚያ ውጭ «የሃልቮርሰኖች ማዕድ» የሚባለውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም የማያውቅ ጥቂት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አገሩ ሁሉ በየእሑዱ ቤተሰቡ አንድ ላይ ሲበላ አይቷል። አባትየው ግሌን ማዕዱን ሲባርክ የሚጨምራትን ቀልድ ሕፃናት ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘዋታል። ካሜራ በሌለበት ቀን ግን ግሌን ላሞቹ ጋ ቆሞ ይበላል፤ ሚስቱ ዳርሊን እቃ እያጠበች ትቀማምሳለች፤ ልጆቹም ሰሃናቸውን ይዘው ወደየክፍላቸው ይገባሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

ዋያት ዘንድሮ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። ስለዚህ ለአራተኛው ዓመት ውል ራሱ መፈረም ነበረበት። ሠራተኞቹ ለምሳ እንደወጡ ወረቀቱን ከዶሮው አጠገብ አስቀመጠው።

«አልፈርምም አባዬ። በቃኝ። የትም ብሄድ ‹ጥጃው ሞቶበት ያለቀሰው ልጅ› ነው የሚሉኝ። ሥራ ልቀጠር ስሄድ እንኳ ሰውየው ሳቀብኝ።»

ግሌን ዓይኑን ከሰሃኑ አላነሳም። «ከፈረምክ ቤትህ ነው። ካልፈረምክ ደግሞ በሩ ያውልህ።»

«ግሌን!» አለች ዳርሊን። 

ያኔ ነው ዋያት ወደ ቴሳ የተመለከተው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በቤቱ ውስጥ የሚያዳምጣት እሱ ብቻ ነበር። አፏ በድንች ተሞልቷል። ዋጥ አድርጋ «አትሂድ» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ድንቹን እያላመጠች ወንድሟ ከቤት ሲወጣ አየችው። ማንም አላለቀሰም፤ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ በላይ አልወሰደም።

ጆስሊን ክፉ ሰው አይደለችም። ከምሳ ተመልሳ የሆነውን ስትሰማ የእውነቷን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ስልኳን አውጥታ ዋያት ጋ ደወለች። «አንዲት ትዕይንት ብቻ የኔ ጌታ። ቤተሰብህን ደህና ሁኑ ብለህ ትወጣለህ፣ አለቀ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚይዝህን የድሮውን ውል ራሴ አስቀድልሃለሁ።» ዋያትም ነፃ ለመውጣት ሲል ከደረሰበት ነዳጅ ማደያ ተመልሶ መጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ በሃልቮርሰኖች ቤት ግን ከአፍ የወጣው ቢበላሽ እንደገና ይቀረጻል።

«ተዘጋጅተናል? ቀረጻ!»

ዋያት ተነሳ። በዚህ ጊዜ ግሌንም ተነሳ። ጠረጴዛውን ዞሮ ሄደና ልጁን አቀፈው።

«ልጄ፣» አለ። «የትም ብትሄድ በሩ ክፍት ነው። አልጋህ እንደተነጠፈ ይጠብቅሃል።» መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ።

ዋያት መጀመሪያ እንደ ግንድ ደርቆ ቆመ። ቆይቶ እጆቹ ቀስ እያሉ ወደ አባቱ ጀርባ ወጡ። ፊቱን አባቱ ትከሻ ላይ ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ቴሳ አየች።  ይቀራል፣ አለች በልቧ፤ ወንድሜ አይሄድም።

«በጣም ግሩም ነው!» አለች ጆስሊን። «ግሌን፣ ጀርባህ ዋያትን ከለለው እንጂ። እስኪ በመስኮቱ በኩል ሆናችሁ አንዴ እንድገመው?»

ግሌን ወዲያው ልጁን ለቀቀ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «እዚህ ጋ ልቁም?» ሲል ጠየቀ።

የዋያት እጆች ግን ለአፍታ አየር ላይ ቀሩ። አቅፈውት የነበረው ሰው ከመሃላቸው ወጥቶ መስኮቱ ጋ ቦታ እየመረጠ ነበር። ቴሳ ዞር አለች፤ ማየት አልቻለችም።

በሁለተኛው ቀረጻ ግሌን ያንኑ ደገመ። የበሩንም፣ የአልጋውንም ነገር አነሳ። ድምፁም የተሰበረው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ዋያት እጆቹን ወደ ታች ጥሎ አባቱ እስኪለቀው ጠበቀና ወጣ።

ጆስሊን ወደ ቴሳ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች። «ቴስዬ፣ አሁን ተከትለሽው ሩጪ። መኪናው ጋ ይጠብቅሻል፣ ነግሬዋለሁ። ጥምጥም በይበት። አስመስዪ አይደለም ያልኩሽ፤ የልብሽን ነው እኮ።»

እውነቷን ነው፤ የቴሳ የልቧ ነበር። እግሮቿም ሳታዛቸው ተነስተዋል። በመስኮቱ በኩል ዋያት የቀዩን መኪናውን በር ከፍቶ ቆሞ ይታያል። ካሜራ የያዘው ሰው ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ይጠብቃል። ብትሮጥ ዋያት «ይሄ የእሷ ነው ወይስ የጆስሊን?» ይላል፤ ዕድሜ ልኩንም አያውቅም። ባትሮጥ ደግሞ እህቴ አልወደደችኝም ብሎ ይሄዳል።

«አልሮጥም፤» አለች።

«ምነው የኔ ቆንጆ? ኋላ ይቆጭሻል።»

«አልሮጥም አልኩ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። ዋያት ቆየ። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶም አደረገው። በመጨረሻ መኪናው ውስጥ ገባና አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ቴሳ ያደረገችው ትክክል ይሁን ስህተት አታውቅም ነበር።

ላሞቹ በሚታለቡበት ሰዓት አባቷ ጋ ሄደች። ግሌን የማለቢያውን ቱቦ እየሰካ ነበር። ከሁለቱም ደረት ላይ ማይክሮፎኑ አልወረደም።

«ወንድምሽን ደህና ሁን እንኳ አላልሽውም፤» አላት።

«አንተስ?»

«እኔማ ሁለቴ አልኩት።» ሊቀልድ ሞከረ። ቴሳ አልሳቀችም። ግሌን የራሱን ማይክሮፎን አጠፋው። «የመጀመሪያው የእውነቴን ነበር፤» አለ። «ከየት እንደመጣ እኔንጃ። ካሜራው ሲኖር ይወጣልኛል። ሳይኖር እዚህ ጋ ይቀራል።» በጣቱ ጉሮሮውን ነካ።

«ደውልለትና ንገረው።»

«መስከረም ላይ ሲተላለፍ ያየዋል።»

«አባዬ፣ እሱ እኮ ፕሮግራሙን አያይም!»

ግሌን ወደሚቀጥለው ላም ጎንበስ አለ። ቴሳ መጀመሪያ ተናደደችበት፤ ቀጥሎ ግን አሳዘናት። ማዘኗ ከንዴቱ ይልቅ ከበዳት። እሷም ብትሆን ያን ጊዜ ድንቹን ዋጥ አድርጋ አልተናገረችም።

ማይክሮፎኗን ከሸሚዟ ነቅላ መኖው ላይ አስቀመጠችው። በቀረጻ ሰዓት የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ተሰብስቦ በረንዳው ላይ ባለ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል። የራሷን አንስታ ከቤቱ ራቀች፤ እስከ በቆሎው ማሳ ጫፍ ድረስ ሄዳ ዋያት ጋ ደወለች። ብዙ ጠራ።

«ምንድነው?» አለ ዋያት።

«እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ጆስሊን ናት ደውዪለት ያለችሽ?»

«አይደለችም። ማንም የለም፤ በቆሎው ጋ ነኝ።»

«ማይክሽስ?»

«አውልቄዋለሁ።»

 የመኪናው ሞተር ሲያጉረመርም ይሰማታል። «በምን አውቃለሁ፣ ቴሳ?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

ቴሳ ከቤት እስከ በቆሎው ድረስ የምትለውን ስታዘጋጅ ነው የመጣችው። እወድሃለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ያለ አንተ ቤቱ ቤት አይሆንም። አሁን አንድ በአንድ ስታስባቸው ሁሉንም ማዕዱ ላይ፣ ካሜራ ፊት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ተባብለዋቸዋል።

«በምንም አታውቅም፤» አለችው። እንባዋ መጣ፤ ድምፅ እንዳታሰማ ከንፈሯን ነከሰች። ለቅሶዋንም ቢሆን ላያምነው ይችላል።

ሞተሩ ጠፋ። መኪናውን ዳር ይዞ ሳያቆም አልቀረም። ስልኩን ግን አልዘጋም።

«ቴሳ!» ጆስሊን ከበረንዳው ትጣራለች። «ቴስዬ፣ ወንበሩ ተዘጋጅቷል! ስለ ዋያት የምትናገሪውን እንቅረጽ፣ ብርሃኑ ሳይሄድብን!»

ቴሳ ከማሳው አጠገብ ባለው ቦይ ዳር ተቀመጠች። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችና የወንድሟን ትንፋሽ ማዳመጧን ቀጠለች።