የሁለተኛ «ሀ» ቦሎቄዎች

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የሁለተኛ «ሀ»ን በር ሲከፍት መምህርቷ መስኮቱ ሥር ሞታ አገኛት። ታናሽ ወንድሟ ልብስ ሰፊው ወሬው ሲደርሰው የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ እየሮጠ መጣ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ተቀበለው። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ክራቫቱ አዲስ ነው። የለበሰው ግን ለሟቿ አልነበረም። በዚያው ቀን አራት ሰዓት ላይ ትልልቅ እንግዶች ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ቀጠሮ ነበራቸው።

ርዕሰ መምህሩ ትከሻውን አቀፍ አድርጎ ነገሩን በአጭሩ አስረዳው። ሟቿ ትናንት ማምሻውን የወረቀት ጌጥ ልትሰቅል የልጆች ወንበር ላይ ወጥታ ወድቃለች፤ የዴስኩ ብረት ጭንቅላቷን መቷታል፤ ያየ ሰው የለም። ሰሞኑን መንፈሷ የተረጋጋ አልነበረም ሲልም አከለበት፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«ወንድሜ፣ የሆነው ሆኗል» አለው። «መኪና አዘጋጅቼልሃለሁ። በጓሮ በር በኩል ብትወስዳት ለእሷም ክብር ነው።»

ልብስ ሰፊው ክብር በጓሮ በር እንደሚወጣ የሰማው ያን ቀን ነው። ሐሳቡ ቤት ነበር። ልቧ የደከመ እናታቸው አልጋዋ ላይ ሆና ትጠብቀዋለች። «ልጄ እንዴት ሞተች?» ስትለው ምን ይላታል? ከትንሽ ወንበር ላይ ወደቀች ይበላት? እህቱ እታለም ተማሪዎቿ ወንበር ላይ እንዳይወጡ ስትቆጣ ድምጿ እስኪዘጋ የምትጮህ ሴት ነበረች። እሱንም በልጅነቱ ከአጥር ላይ ስታወርደው አድጓል። ይህን ይዞ እናቱ ፊት መቅረብ አልሆነለትም። «ፖሊስ ሳያያት አላነሳትም» አለ። የርዕሰ መምህሩ ክንድ ከትከሻው ላይ ወረደ።

የመጣችው መርማሪ ወፈር ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ነበረች። የዓይኖቿ ቆቦች ግማሽ ድረስ ስለሚወርዱ ባልደረቦቿ «እንቅልፌ» ይሏታል። ርዕሰ መምህሩም አይቷት ቀለል አለው፤ አንገቱን እንደማቅናት አደረገና እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት እንደምትጨርስ ተስፋ እንዳለው ነገራት። እንቅልፌ ቀና ብላም አላየችው።

መጀመሪያ አብሯት ከመጣው ሐኪም ጋር ሬሳውን አየች። ቀጥሎ የተገለበጠችውን ወንበር፣ ከሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን የወረቀት ሰንሰለት። ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆማ ቀረች። ደፉ ላይ ከተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠሩ ኩባያዎች ተደርድረዋል፤ በየኩባያው አንዳንድ የቦሎቄ ቡቃያ አለ፤ በየኩባያው ላይም የአንድ ልጅ ስም ተለጥፏል።

«እህትህ ስለ እነዚህ ነግራህ ታውቃለች?» አለችው።

ነግራዋለች እንጂ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ልጆቹ ዘሩን ራሳቸው ዘሩ፤ ስማቸውንም ኩባያው ላይ ደስ ባላቸው በኩል ለጠፉ። ኩባያውን ማዞር ግን ክልክል ነው። ተክሉ ወዴት እንደሚያዘነብልና ለምን እንደሆነ ልጆቹ አይተው እንዲደርሱበት ነበር የምትፈልገው። እሷ ትንፍሽ አትልም። ማክሰኞ ማታ ግን አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ሁሉም መስኮት መስኮቱን ያያሉ» ስላለቻት፣ በደስታ እራት መብላት አቅቷት እንዳመሸች ነገራት።

«መስኮት መስኮቱን» አለች እንቅልፌ። «አሁንስ ወዴት ያያሉ?»

ልብስ ሰፊው ጠጋ ብሎ አየ። ስሞቹ ሁሉ ወደ ክፍሉ ዞረው እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። ቡቃያዎቹ ግን አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱም ወደ ጥቁር ሰሌዳው ያዘነበለ ነው። እንቅልፌ እያቃሰተች ተንበረከከችና በጣቷ የወለሉን ስንጥቅ ጫረች። እርጥብ አፈር ወጣ። በር ኋላ ያለው መጥረጊያ ላይም ያው አፈር ነበረ።

ከዚያ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። ዘበኛው ትናንት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከበሩ አልተንቀሳቀሰም፤ የሁለተኛ «ለ» ልጆች ለጉብኝቱ ልምምድ ስለቀሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ሲጠብቁ እሱን ከበው ነበር። ሟቿ ብዙ ጊዜ ስለምታመሽና የራሷ ቁልፍ ስላላት ገብቶ አላየም። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ልምምዱ ሳይጀመር በመኪናው ወጥቶ፣ እንግዶቹ ካረፉበት ሆቴል አብሯቸው እስከ ሌሊት ሲበላ አምሽቷል። እንቅልፌ ደውላ አረጋገጠች። ጠብ እንደነበር ስትጠይቀው አንገቱን ካከከ በኋላ ሟቿ «አንዲት ትንሽ የማስተማር ዘዴ» አልቀበልም ብላ እንደነበር፣ ለእንግዶቹ እናገራለሁ እያለችም ሞዴሏን ታስፈራራት እንደነበር ተናገረ። ዘዴዋ ምን እንደሆነች ግን ሊነግራት አልፈለገም።

«ሞዴሏ» የሚሏት የሁለተኛ «ለ» መምህርት ናት። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሞዴል መምህርት ተብላ ተሸልማለች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሽልማት ፎቶዋም ከፊደል ገበታው ይበልጣል። በመሐረብ ዓይኗን ብትጠራርግም መሐረቡ አልረጠበም።

«እኔ ከልጆቼ ተለይቼ አላውቅም» አለች። «ልምምዱ እስኪያልቅ እዚሁ ነበርኩ። አርባ ምስክር አለኝ።» ቀጥላም ጉብኝቱ ይሰረዝ እንደሆነ ጠየቀች።

አልተሰረዘም። ግድግዳ ለግድግዳ የሚዋሰነው ክፍል ውስጥ ሬሳ ተኝቶ፣ የሁለተኛ «ለ» ልጆች በተለጣጠፈ አበባ መሐል ተቀምጠው የመጨረሻውን ልምምድ ያደርጉ ነበር። እንቅልፌ ኋላ ካለ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ሲደርስ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሞዴሏ ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር አርባ እጅ ወደ ላይ ይወጣል፤ የጠራችው ልጅ ሁሉ ይመልሳል። ልብስ ሰፊውን ሆድ ባሰው። የእታለም ልጆች ግማሾቹ ዝም ብለው እንደሚቀመጡ ያውቃል፤ ለካ እህቱ ደካማ አስተማሪ ኖራለች?

እንቅልፌ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ሲጽፉ ስንቱ በግራ ይጽፋል?»

ቆጠረ። ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው።

«እጅ ሲያወጡስ?»

ግማሹ ግራውን ነበር የሚያወጣው። ሞዴሏ ደግሞ ግራውን ያወጣ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ጠርታ አታውቅም።

እንቅልፌ ርዕሰ መምህሩንና ዘበኛውን አስጠራችና ከልጆቹ ፊት ቆመች። ሞዴሏ ትናንት በልምምድ ሰዓት ከክፍል ወጥታ እንደነበር ልጆቹን ጠየቀቻቸው። አርባ ልጅ ባንድ ድምፅ «አልወጣችም» አለ። ሞዴሏ ፈገግ አለች።

«ጎበዞች። አሁን ደግሞ የእኔን ስም የሚያውቅ እጁን ያውጣ።»

እጅ ሁሉ ወጣ፤ ሁሉም ግራ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክራቫቱን ነካካ።

«ቲቸር ትናንት ከዚህ ስትወጣ የት እንደገባች የሚያውቅስ?»

አርባ እጅ እንደገና ወጣ። አሁንም ብዙው ግራ ነበር። በበሩ በኩል የተቀመጡት ስድስት ልጆች ግን ቀኝ እጃቸውን አውጥተዋል። ሞዴሏ «እጅ አውርዱ» አለች፤ ድምጿ ተሰነጠቀ። ልጆቹ የታዘዙት ወጣች እንዳይሉ ነው፤ እጅ ስለማውጣት ግን ዓመቱን ሙሉ የተማሩት ሌላ ነበር። እንቅልፌ ከስድስቱ አንዷን ጠራች። ልጅቷ ቆማ አፏን ሳትከፍት የሁለተኛ «ሀ»ን ግድግዳ በጣቷ አሳየች።

ልጆቹን ሌላ መምህር ወደ ሜዳ ይዟቸው ወጣ። ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ቀሩ።

«እጅ ማውጣት ማስረጃ አይሆንም» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«ያስተማርካቸው አንተ ነህ» አለችው እንቅልፌ። «የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። እንግዳ ሲያይ ሁሉም ሊቅ ነው። ያቺ ሴት አላስተምርም ያለችው ይኼን ነው። የእሷ ልጆች አላውቅም ማለት ይችሉ ነበር።»

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። እንቅልፌ ከመስኮቱ ጀመረች። ሰው ወድቆ ከሞተ በኋላ ኩባያ አያስተካክልም። ኩባያዎቹ ተገፍተው ወድቀው ነበር፤ አፈሩን የጠረገና መልሶ የደረደራቸው ሌላ ሰው ነው። የደረደራቸው ደግሞ ስሙ ለተመልካች እንዲታይ አድርጎ ነው፤ ቡቃያውን አላየውም።

«ዘበኛው ለእንግዳ ዓይን አይጨነቅም፤ በዚያ ላይ ወላጆች ከበውታል። አንተ ትጨነቃለህ፤ ግን ሆቴል ስትበላ ነበርክ። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ልጆቹን ተቀመጡ ብለሽ ወጣሽ፤ እንዳትናገር ለመንሻት፤ እምቢ ስትልሽ ገፋሻት፤ ዴስኩ መታት። ከዚያ ወንበሩን ገልብጠሽ፣ ጌጡን ሰቅለሽ፣ ልጆችሽን ልታዘምሪ ተመለስሽ።»

«መግደል አልፈለግኩም» አለች ሞዴሏ። «ነገረኛ ነበረች። ለአርባ ልጅ የለፋሁትን ባንድ ቃል ልታጠፋው ነበር።»

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞተችም ይላል። አፈሩን ስትጠርጊ ትተነፍስ ነበር?»

ሞዴሏ መሐረቧን አጣጠፈችው። ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እንግዶቹ እኮ ጠዋት ነበር የሚመጡት» አለች።

ልብስ ሰፊው ሊመታት ተነስቶ ነበር፤ ግን እጁ እሷን ሊነካት ተጸየፈ። ርዕሰ መምህሩ ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ለእንግዶቹ መብራት ጠፍቶብናልና ለሌላ ቀን ይሁንልን ሲል ከውጭ ተሰማ።

ሞዴሏ አሥራ አንድ ዓመት ተፈረደባት። የሁለተኛ «ሀ» ልጆች ለሁለት ተከፍለው በሌሎች ክፍሎች ተማሩ። ልብስ ሰፊው በዚያ ቀን ማታ እናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እታለም ስለ ተማሪዎቿ አልዋሽም ብላ በሰው እጅ እንደሞተች ነገራት፤ እናቱም እጁን ይዛ እስኪነጋ አለቀሰች። ትተነፍስ እንደነበር ግን አልነገራትም፤ ችሎትም ይዟት አልሄደም። እናታቸው ይህን ሳትሰማ በሁለተኛው ዓመት ሞተች።