ያልተዘጋው ኮማ

የማተሚያ ቤቱ አርታኢ የተገኘው ከአራተኛ ፎቅ መስኮቱ ሥር ወድቆ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ አለቃዋ ነገሩን ራሱን ገደለ ብሎ ጨርሶታል። ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስንብት ነበርና።

«ሥራዬን ወድጄው ነበር፤ ግን ሁላችሁም እንደምታውቁት ደክሞኛል» ይላል። በእንግሊዝኛው፣ «ግን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ኮማ አለ። «እንደምታውቁት» ካለ በኋላ ኮማ የለም።

ይህን ለአለቃዋ ብታሳየው፣ ሰው ሞቶ ኮማ ትለቅሚያለሽ ወይ ብሎ ተቆጣት። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች።

ያን ጠዋት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ምክትል አርታኢዋና የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የሆነው የሟቹ ታናሽ ወንድም። ሁለቱም ወደ አራተኛ ፎቅ አልወጣንም ብለው ፈረሙ። ምክትሏና ሟቹ በዚችው ኮማ የተነሳ ዓመት ሙሉ ሲነታረኩ ኖረዋል። ጣልቃ ገብ ሐረግ ከ«ግን» በኋላ ሲመጣ፣ እሱ ከፊቱ ኮማ አያደርግም፤ እሷ ከፊቱም ከኋላውም ታደርጋለች። አለቃዋ ይህን ሲሰማ፣ ገዳይ ካለማ እሷ ናት አለ። መርማሪዋ በልቧ አዘነችበት።

ለሁለቱም «ግን» እና ጣልቃ ገብ ሐረግ ያለበት አንድ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ሰጥታ ወደ እንግሊዝኛ አስመለሰቻቸው። ወንድምየው እየተነጫነጨ ጻፈ።

ከዚያ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ቢጽፈው ከ‹ግን› በኋላ ኮማ አይኖርም» አለች። «ምክትሏ ብትጽፈው ሁለት ይሆናሉ፤ የከፈተችውን ሳትዘጋ አታልፍም። የዚህ ጸሐፊ ግን ከፍቶ ሄዷል። ‹ግን› ባለ ቁጥር ኮማ ያስከትላል እንጂ ሐረጉ የት እንደሚያልቅ ግድ የለውም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «እርስዎ የመለሱልኝም ልክ እንዲህ ነው።»

አለቃዋ በኮማ ሰው አይታሰርም ብሎ አጉረመረመ።

«አይታሰርም። ግን አልወጣሁም ያሉት ሰው እዚህ ወንበር ላይ ምን አስቀመጣቸው? የኪቦርዱ አሻራ ነገ ይደርሰናል። ዛሬ ቢነግሩኝ ይሻላል።»

ወንድምየው ወንበሩን አየ። ከዚያ ተናገረ፤ ስህተት የሞላበት የትምህርት መጽሐፍ ሊያሳትም ፈልጎ፣ ታላቅ ወንድሙ «ይታተም» ብዬ አልፈርምም ብሎታል።

«ጋሼ አንድ ቀን እንኳ እሺ ብሎኝ አያውቅም። ገፋሁት። መስኮቱ ክፍት መሆኑን ልብ አላልኩም።»

ምክትሏ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ሲወድቅ ታዲያ ወርደው አላዩትም?» አለች መርማሪዋ።

«መጀመሪያ ጻፍኩ» አለ።