ያላየውን ጠላት የሚያውቅ ደም

ከምድር በላይ በሚዞረው በምሕዋር ከተማ ሰው አያስነጥስም። አየሩ ተጣርቶ ስለሚገባ ልጆች ጉንፋን የሚባለውን ነገር የሚያውቁት ከተረት ነው። በዚህ ንጽሕና ምክንያት ግን እዚያ የተወለደ ሰው ወደ ምድር መውረድ አይፈቀድለትም። ደሙ ምንም ስለማያውቅ ያገኘው ቫይረስ ሁሉ ይጥለዋል።

ሐመልማልም ምድርን የምታውቃት በመስኮት ነው። ሥራዋ በደም-አንባቢ ላይ ነው፤ የደም ጠብታና ቫይረስ አጋጥሞ ትግላቸውን በመስታወት በሚያሳየው መሣሪያ። አንድ ቀን ምድር ላይ አዲስ የተነሣ የጉንፋን ቫይረስ ስትፈትን፣ የከተማው ሰው ደም ሁሉ ተኝቶ ሳለ አንዱ ጠብታ ብድግ አለ። መሣሪያው የተበላሸ መስሏት አጥባ ደገመችው። ያው ነው። ደሙ የአባቷ የአቶ ምንተስኖት ነበር። እሳቸው ምድር ተወልደው፣ በቧንቧ ሥራ ወደ ላይ የመጡ ሰው ናቸው።

«አባባ፣ ይህን በሽታ የት ያውቁታል?»

«እኔ? ስሙንም አልሰማሁ። ደሜ አመለኛ ነው፤ እናትሽም ይህንኑ ትለኝ ነበር።»

«አይቀልዱ። ልጅ ሆነው የተወጉት ነገር አለ?»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ላይ ምስር የምታህል ጠባሳ አለች። «የሳንባ ነቀርሳ ክትባት። እኛ ሰፈር ሕፃን ሁሉ ይወጋል። ታዲያ ነቀርሳና ጉንፋን ምን አገናኛቸው?»

ክትባቱ ደማቸውን ያስተማረው የነቀርሳን መልክ ብቻ አልነበረም። የማያውቀው ጠላት በር ሲያንኳኳ መንቃትንም ጭምር ነው።

ሐመልማል ክትባቱን ከምድር አስመጥታ ተወጋች። ጠበቀች። ደሟ ግን እንደተኛ ቀረ፤ ለመማር ረፍዶበታል። ከዚያ የአራስ ልጇን የደም ጠብታ በመስታወቱ ላይ ከክትባቱ ጋር አቆይታ ቫይረሱን ጨመረችበት። የሕፃኗ ደም ተነሣ።

በማግስቱ ልጇን ታቅፋ፣ መርፌውን ይዛ ከአባቷ ፊት ተቀመጠች።

«ይህቺ ከተወጋች እኮ ስታድግ ትወርዳለች» አሉ።

«ትውረድ።»

«አንቺ ትቀሪያለሽ።»

«እርስዎስ መውረድ እየቻሉ ለእኔ ብለው ቀርተው የለ?»

«እኔ የሚናፍቀኝን አውቀዋለሁ፤ ኖሬበታለሁ። አንቺ ግን ያላየሽውን ስትናፍቂ...»

ሐመልማል የሕፃኗን ክንድ ጠረገች። «አባባ፣ ዝናብ ሲጀምር የመሬቱ ሽታ ምን ምን ይላል?»

ወደ ሕፃኗ አመለከቱ። «እኔ መናገር አልችልበትም። እሷ ትነግርሻለች።»

በምሕዋር ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት እናት ልጇን ሆን ብላ አስለቀሰች።