የሹራብ ሠሪዎቹ ዱላ ቅብብል

«ይዘርጉ! እትዬ ገበያነሽ፣ እጅዎን ይዘርጉ!»

ጽጌረዳ ባላት አቅም እየሮጠች ዱላውን ወደፊት ሰደደችው። ከፊቷ ወይዘሮ ገበያነሽ በግራ እጃቸው የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ዱብ ዱብ ይላሉ። ዱላው መዳፋቸው ላይ አረፈ። ጣቶቻቸው ተከደኑበት። ከሰባት ሙከራ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይወድቅ ቀረ።

«ያዝኩት! ጽጌ፣ ያዝኩት እኮ!» ወይዘሮ ገበያነሽ ከደስታቸው ብዛት መሮጡን ትተው ቆሙ። ዱላውን ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩት።

«ይሩጡ እንጂ! ለምን ይቆማሉ?» አለች ዓለሜ ከሜዳው ማዶ፣ ዱላውን ለመቀበል እጇን እንደዘረጋች።

ሲስተር ሠርካዲስ በሳቅ ሆዷን ይዛ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ጽጌረዳም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያልሳቀችው ዓለሜ ብቻ ነበረች።

ጊዜው 1977 ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ወር ነው። አራቱም የጉለሌ ሰዎች፣ የአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች ናቸው። ያገናኛቸው ግን ሩጫ ሳይሆን ሹራብ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ለሹራብ ሠሪዎች ይለቀቃል። አሥራ አንድ ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ይሠራሉ፣ ያወራሉ፣ አንዷ የሌላዋን ስህተት ትፈታለች። አዲስ ክር ከሱቅ ስለጠፋ አሮጌ ሹራብ ተርትረው፣ ክሩን አጥበውና አድርቀው እንደገና ይሠሩበታል። መሥሪያቸው ደግሞ ከብስክሌት ጎማ ላይ የወጣ ሽቦ ነው፤ ድንጋይ ላይ ስለው ያሾሉታል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ጽጌረዳና ዓለሜ ከሁሉም ታናናሾች ናቸው።

ስፖርቱን ያመጡት ወይዘሮ ገበያነሽ ናቸው። ካቻምና ደም ግፊት አለብዎት፣ ይራመዱ ሲባሉ ብቻዬን አልራመድም ብለው ጓደኞቻቸውን ሁሉ ጎተቱ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ሴቶቹ እስከ እንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ እስከሚጀምርበት ድረስ በሶምሶማ ይወጣሉ። «ደም ሲሞቅ እጅ ይፈጥናል፤ ከሩጫ በኋላ የሠራሁት ሹራብ መቼም አይጣመምም» ይላሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። እውነት ይሁን ውሸት ማንም አጣርቶ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት የቀበሌው የስፖርት ኃላፊ ጓድ መዝገቡ ወረቀት ይዘው አዳራሹ ውስጥ ገቡ።

«ጓዶች! በከፍተኛ አስተዳደራችን ሥር ያሉ አምስት ቀበሌዎች በሴቶች ዱላ ቅብብል ይወዳደራሉ። ከየቀበሌው አራት ሴት። ስፖርት ለሁሉም ስለሆነ አንዷ ዕድሜዋ ከአርባ በላይ መሆን አለበት።» ፈገግ አሉ። «አንደኛ የሚወጣው ቀበሌ የሹራብ መኪና ይሸለማል።»

አዳራሹ ተናጋ። ጽጌረዳ ሳታስበው ከመቀመጫዋ ተነስታ ነበር። ያንን መኪና አንድ ጊዜ ኤግዚቢሽን ላይ አይታዋለች፤ ጠረጴዛ የሚያክል፣ ቀጫጭን መርፌዎች የተደረደሩበት። ሴትዮዋ እጀታውን ወዲህና ወዲያ ስታደርገው ሽር፣ ሽር ይልና ሹራቡ ከሥር እንደ ውሃ ይወርዳል። እሷ በሁለት ቀን የምትሠራውን መኪናዋ በአምስት ደቂቃ ሠራችው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም።

ምርጫው ጊዜ አልወሰደም። ሲስተር ሠርካዲስ ጳውሎስ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ትጀምራለች። ጽጌረዳ ሁለተኛ፣ ወይዘሮ ገበያነሽ ሦስተኛ፣ ከሁሉም ፈጣኗ ዓለሜ መጨረሻ። የቀሩት ሴቶች ቢጫ ሹራቦች ከየቤታቸው ሰብስበው ተረተሩ። አራቱ ሯጮችም ለየራሳቸው እጅጌ የሌለው ቢጫ ሹራብ መሥራት ጀመሩ።

ልምምዱ በተጧጧፈበት ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ወይዘሮ ገበያነሽ አዳራሹ ውስጥ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። አልቀለዱም፤ የማንንም ሥራ አላዩም። ጽጌረዳ አጠገባቸው ሄደች።

«አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። እንዳልሮጥ ተወስኗል አይደል? ኮሚቴው ለደም ግፊቴ ሰግቶ ነው አሉ። ዓለሜ ልከዋት ነገረችኝ።» ዓይናቸውን ከእጃቸው ላይ አላነሱም። «ምን ይደረጋል፣ ለእኔው አስበው ነው።»

ጽጌረዳ ግራ ገባት። ጓድ መዝገቡ የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር እንድትጽፍ ቅጹን የሰጡት ለእሷ ነው፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል ብለው። ስለ ኮሚቴ ያነሳ ሰው የለም። ዓለሜን ክንዷን ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻት።

«የምን ኮሚቴ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሉ» አለች ዓለሜ። «የእናቴ እህት የሺ አለች፣ ሸጎሌ፣ ሌላ ቀበሌ የምትኖረው። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ልጅ ሆና ሯጭ ነበረች። እኛ ቤት ነው የምትኖረው ብለን እንጽፋለን። በቃ፣ መኪናዋ የእኛ ነች።»

«እትዬ ገበያነሽን ዋሸሻቸው?»

«ምን ልበላቸው? ቀርፋፋ ነዎት ልበላቸው? አራዳ ሁኚ እንጂ ጽጌ! መኪናዋን ስናመጣ መጀመሪያ የሚሠሩባት እሳቸው ናቸው። አንቺ ስሟን ብቻ ጻፊ።»

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሺ ሜዳው ላይ ጠበቀቻቸው። ረጅምና ቀጭን፣ ሳቂታ ሴት ናት። ጽጌረዳ ዱላውን ስትሰጣት መዳፏ መቼ እንደተዘጋ እንኳ አላየችም፤ የሺ ሄዳለች። ሸራ ጫማዋ መሬት የሚነካ አይመስልም። ጽጌረዳ አፏን ከፍታ ቀረች። *እናሸንፋለን* አለች በሆዷ፤ *በእርግጠኝነት እናሸንፋለን።* ሽር፣ ሽር የሚለው ድምፅ ደግሞ መጣባት።

ዓርብ ከሰዓት ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሦስት ስም ጻፈች። አራተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ቅጹ ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በፊት መግባት አለበት። አጠፈችና ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ጠዋት እግሯ ወደ ወይዘሮ ገበያነሽ ቤት ወሰዳት። ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጭናቸው ላይ ያ ቢጫ ሹራባቸው አለ፤ አልቆ ነበር። ከታች ጀምረው ይተረትሩታል፤ ክሩን በእጃቸው ይጠቀልሉታል።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ጽጌረዳ ደንግጣ።

«ለምትተካኝ ሴት ላጥብበው ብዬ ነው። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ብቻ ከእኔ መቅጠኗ አይቀርም» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን አልዘለቀም። «ሰፊ ሹራብ ለብሳ ስትሮጥ ይይዛታል። ነገ ነው እኮ ውድድሩ፣ ቶሎ ካልጀመርኩ አይደርስልኝም።»

ጽጌረዳ ጎንበስ ብላ ክሩን ያዘች። ሹራቡ መተርተሩን አቆመ።

«ይተዉት፣ እትዬ ገበያነሽ። ገና አልተወሰነም። ቅጹ እኔ ጋ ነው።»

«አልተወሰነም? ዓለሜ ታዲያ...»

«ይነሱና ሲስተር ጋ እንሂድ። እሷ ግፊትዎን ትለካዎትና ይሩጡ ካለችዎት ይሮጣሉ፤ አይሩጡ ካለች ደግሞ እሺ።»

ጳውሎስ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ሲስተር ሠርካዲስ ነጭ ጋዎኗን ለብሳ ወጣች፤ የወይዘሮ ገበያነሽን ክንድ ጠቅልላ ሁለት ጊዜ ለካች። ጽጌረዳ ዓይኗን ከመለኪያው ላይ ሳታነሳ ጠበቀች።

«ከአምናው በጣም ወርዷል» አለች ሠርካዲስ። «ግማሽ ዙር ሜዳ ምንም አያደርግዎትም። ሲደክምዎት ግን ይራመዱ፤ ለማንም ብለው እንዳይጨነቁ።»

ጽጌረዳ እዚያው፣ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ቅጹን ዘርግታ አራተኛውን ስም ጻፈች። ከዚያ እየሮጠች ቀበሌ ደረሰችና ለጓድ መዝገቡ ሰጠቻቸው። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ለዓለሜ መንገር ግን ከዚያ ሁሉ ሩጫ የበለጠ ጉልበት ጠየቃት።

«ትፎግሪያለሽ» አለች ዓለሜ በሯ ላይ ቆማ።

«አልፎገርኩም። ስማቸውን ጽፌያለሁ።»

«እንግዲያው እኔ አልሮጥም! ሦስት ሆናችሁ ሩጡ!» በሩ ተዘጋ።

እሁድ ጠዋት ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከአምስቱም ቀበሌዎች የመጣ ሰው ግራና ቀኝ ተደርድሮ ይጮኻል፤ የቀበሌው የኪነት ቡድን ከበሮውን ይደልቃል። መድረኩ ላይ፣ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ፣ የሹራብ መኪናዋ ታብለጨልጫለች። ሹራብ ሠሪዎቹ ሁሉም መጥተዋል፤ ገሚሶቹ ቆመው እያጨበጨቡ እንኳ ክራቸውን አልለቀቁም። ጽጌረዳ ግን የመጨረሻው ተቀባይ የሚቆምበትን ቦታ ደጋግማ ታያለች። ባዶ ነው።

«ሯጮች ወደየቦታችሁ!» ተባለ።

ያን ጊዜ ከሕዝቡ መሀል ቢጫ ነገር ብቅ አለ። ዓለሜ ናት። ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ሄዳ ቦታዋ ላይ ቆመች።

ፊሽካው ተነፋ! ሠርካዲስ ከአምስቱ ሦስተኛ ሆና መጣች። ጽጌረዳ ዱላውን እንደጨበጠች ሌላ ነገር አልታያትም፤ የሱፉ ሹራብ አንገቷን ይበላታል፣ ነፋሱ ጆሮዋ ላይ ያፏጫል። አንዷን አለፈች። ሁለተኛዋንም መታጠፊያው ላይ አለፈቻት። አንደኛ ናት!

«ይዘርጉ!» ብላ ጮኸች።

ወይዘሮ ገበያነሽ አማተቡና እጃቸውን ዘረጉ። ዱላው መዳፋቸው ውስጥ ገባ፤ አልወደቀም። በዚህ ጊዜም አልቆሙም። ከታች ትንሽ የተተረተረው ሹራባቸው ክር ከኋላቸው እየተንጠለጠለ ሮጡ። ሜዳው አበደ። «ገበያነሽ! ገበያነሽ!» የሚለው ጩኸት ከሌላው ቀበሌ ሰው አፍ ሳይቀር ይሰማ ነበር። አንዷ ሴት አለፈቻቸው። ሌላዋም። ሦስተኛዋም አለፈቻቸው። እሳቸው ግን ፊታቸው በርቶ፣ አንዴም ሳይራመዱ፣ ዓለሜ እጅ ላይ አደረሱት።

ዓለሜ እንደ ጥይት ወጣች። ጽጌረዳ እንዲህ ስትሮጥ አይታት አታውቅም። አንዷን አለፈች፤ ሁለተኛዋን አለፈች፤ የመጨረሻው ገመድ ጋ ስትደርስ ከአንደኛዋ ጀርባ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቷት ነበር። አንድ እርምጃ!

የሹራብ መኪናዋን ሌሎች ተሸክመዋት ሄዱ። ለሁለተኛዎቹ የተሰጠው ሽልማት ኳስና መንፊያ ነበር።

«ኳስ?» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ አገላብጠው እያዩት። «በዚህ ደግሞ ምን ልንሠራበት ነው? በረኛዋ እኔ ነኝ፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ!» ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ጓድ መዝገቡም አፋቸውን በወረቀታቸው ሸፈኑ።

ዓለሜ ለብቻዋ ርቃ፣ የሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጽጌረዳ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«የሺ ብትሮጥ አንደኛ ነበርን» አለች ዓለሜ።

«ነበርን» አለች ጽጌረዳ። እውነት ስለሆነ ልትክደው አልፈለገችም። ሽር፣ ሽር የሚለው ድምፅ አሁንም ከጆሮዋ አልወጣም። «ለምን መጣሽ ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። ሹራቡን ለብሼ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ።» ሣር ነጨች። «ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

ወይዘሮ ገበያነሽ ብርቱካን እየላጡ ወደ እነሱ መጡ። ግማሹን ለዓለሜ፣ ግማሹን ለጽጌረዳ ሰጡ። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እግር ነው ወይስ ክንፍ ያለሽ?» አሉና የዓለሜን ጭንቅላት ዳበሱ። ከዚያ ቀና ብለው «እኔ የምለው፣ ያ ገበያነሽ አትሮጥም ያለው የኮሚቴ ሰው ማን ነው? አይቶኝ ይሆን? ሄጄ ሰላም ልበለው እንጂ» አሉ።

ዓይናቸው ወደ ጽጌረዳ ነበር። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ደግሞም ስሙን አላውቅም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም፤ ነገሩ የዓለሜ ነበር። ብርቱካኗን መሬት ላይ አኖረችና የጫማዋን ክር ፈታች፤ ቀስ ብላ፣ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጀምራ ማሰር ያዘች።

ወይዘሮ ገበያነሽ መልሱን እየጠበቁ የብርቱካኑን ልጣጭ ሰበሰቡ።

«እትዬ ገበያነሽ» አለች ዓለሜ በመጨረሻ። «እ... ማለቴ... ኮሚቴ የሚባል የለም።»

ጽጌረዳ ክሩን አስራ ጨረሰች። ከሩቅ ሴቶቹ ኳሱን ለመንፋት ሲሻሙ ይሰማል፤ ሠርካዲስም በእጇ ትጠራታለች። ተነስታ ብትሄድ ማንም አይቀየማትም። የዓለሜ እጅ ግን የጽጌረዳን ሹራብ ጫፍ ጨብጧል።

ጽጌረዳ ለሠርካዲስ «ቆይ» የሚል ምልክት አሳየቻትና እዚያው፣ ዓለሜ አጠገብ፣ ተደላድላ ተቀመጠች።