የባሕረኛው በር

«በሩ ተዘግቶ ነበር» አለች ቲና በስልክ።

ሉባባ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቢሮዋ መስኮት አጠገብ ቆማ ነበር። ሃያ ዓመት በፖሊስ መርማሪነት ሠርታ አሁን ለብቻዋ የምትሠራ ሴት ናት። ሰው ሲዋሽ ታሪኩን እንደሚያስረዝም ታውቃለች። ይህቺ ልጅ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያላት።

«የማን በር?»

«የአባባ። የአያቴ። ናይንቲ ናይን ናቸው፣ አይ ኖው፤ ሁሉም ሰው 'ዕድሜ ጠግበው ሄዱ' ነው የሚለው። ሐሙስ ይቀበራሉ። ግን እኛ ቤት በር አይዘጋም። ኔቨር።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ! አይዘጋም፣ በቃ።»

ሉባባ የመኪና ቁልፏን አነሣች።

አስፐን ሂል ያለው ቤት አነስተኛ ነው፤ ከሥሩ ቤዝመንት፣ ከላይ ሦስት መኝታ ቤት። የሟቹ የአቶ ወልደአምላክ ልጅ ወይዘሮ እታለማሁ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጥ ያሉ ሴት፣ ሳሎን ውስጥ ከለቀስተኛ መሃል ተነሥተው ተቀበሏት።

«ልጄ ነች የጠራችሽ? ነርስ ነች፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች፤ እንቅልፍ አጥታ ነው እንዲህ የምታስብ።»

«እትዬ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤት ማን ነበር?»

«ቲና ፎቅ ተኝታ። አባባን የሚንከባከበው በፈቃዱ ቤዝመንት ልብስ እያጠበ። እኔ ሪቨርዴል ፓርክ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ጋሽ ሠረቀብርሃን፣ እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር፤ ተኝተው ስላገኟቸው ሳሎን ጸልየው ተመለሱ። እኔ ስገባ ግን በሩ...» ድምፃቸው ቀነሰ። «ከፈትኩት። አንሶላው እስከ ደረታቸው ተስቦ፣ እጃቸው ተጣምሮ። ፊሽካቸውም ፒጃማቸው ውስጥ ገብቶ። ሰላም ያለው አሟሟት ነው ያልኩት።»

«ፊሽካ?»

ወይዘሮ እታለማሁ ወደ መኝታ ቤቱ እየመሯት ነገሯት። አባባ በልጅነታቸው በጅቡቲ በኩል ኤደን ወርደው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝ የጭነት መርከብ ላይ ከሰል አቀባይ ሆነው ተቀጠሩ። ብዙ መርከቦች እንደ ቅፍለት ተሰልፈው ከሃሊፋክስ ወደብ ወደ ሊቨርፑል አትላንቲክን ሲያቋርጡ፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች መሃላቸው ገቡ።

«ሰርጓጁ የሚተኩሰው ቶርፔዶ ሲመታ የመርከቡ ብረት ይጣመማል። ብረቱ ሲጣመም በር ከመቃኑ ጋር ይነካከሳል፤ ዘግቶ የተኛ እዚያው ይቀራል። ያወቀ ሰው በሩን ከግድግዳ ጋር አስሮ ነው የሚተኛ። ፊሽካውንም ከልብሱ በላይ፤ ውሃ ውስጥ እጅ ቶሎ እንዲያገኘው፣ ነፍቶም አዳኝ እንዲጠራ። እዚህ አገር ከመጡ በኋላ እንኳ ሐኪም 'ይበቃዎታል፣ በሩን ይዝጉ' ቢላቸው፣ 'ባሕር ያልዘጋብኝን በር ሰው አይዘጋብኝም' አሉት። እኛም ለመድነው። ምክንያቱን ለቲና ነግሬያት አላውቅም።»

ሉባባ በሩን ገፋ አድርጋ ከኋላው አየች። ግድግዳው ላይ የናስ መንጠቆ፣ በሩ ላይ ቀለበት። መንጠቆውን ለማላቀቅ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ከበሩ ኋላ እጅ መስደድ ያስፈልጋል።

«ጋሽ ሠረቀብርሃንና አባባ በምን ይተዋወቃሉ?»

«አባታቸው አቶ ዮሐንስም በዚያው መርከብ ነበሩ ይባላል። ካፒቴኑን ከውሃ ያወጡ ጀግና ናቸው፤ መጪው እሑድ አዲሱ አዳራሽ በስማቸው ይሰየማል። አባባ ስለሳቸው አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። በእንቅልፋቸው የሚጠሩት ሙሳ የሚሉትን ሰው ነው። ባለፈው ሰንበት ግን ጋሽ ሠረቀብርሃን ፊት፣ 'እሑድ እኔም የምለው አለኝ' አሉ። ደስ ብሎን አጨበጨብን።»

በፈቃዱ ቤዝመንት ውስጥ የአባባን ካልሲዎች እያጣጠፈ ነበር። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ባለ ሰፊ ትከሻ ሰው ነው። ሉባባን ሲያይ አልተነሣም።

«እኔን ልታስሪ ነው?»

«ማሰር ትቻለሁ። ማን ነው የሚያስርህ?»

«ጋሽ ሠረቀ 'ብቻህን ነበርክ፤ እንቅልፍ ወስዶህ ይሆናል፤ ነገሩ ሳይጣራ ሹልክ በል' አሉኝ። የጥገኝነት ኬዜ ገና አላለቀም። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ሪፖርት ካደረገኝ ጉዴ ፈላ። ግን አልሄድም። ካልሲያቸውን ሳላጣጥፍ የትም አልሄድም።»

«በሩን ዘግተህ ነበር?»

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። «የመጀመሪያ ቀን ዘግቼ ነበር! ፊሽካቸውን ነፉት፣ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ከዚያ ወዲህ የራሴን ቤት በር መዝጋት ጠፍቶኛል። አብሮኝ የሚኖረው ሩምሜቴ 'አንተ ሰውዬ ሌባ ልታስገባብን ነው' ይለኛል።»

«ፊሽካውን ጠዋት ማን ያጠልቅላቸዋል?»

«እኔ። ከፒጃማው በላይ። አንድ ቀን ወደ ውስጥ ብከተው 'ልታሰምጠኝ ነው?' ብለው ተቆጡኝ።»

ቀብር አስፈጻሚው ቤት ሉባባ ብዙ አልቆየችም። ጓንት አድርጋ የሟቹን የታችኛውን ከንፈር በጣቷ ዝቅ አደረገችው። ከውስጥ በኩል፣ ጥርስ የተጫነው የሚመስል ትንሽ የበለዘ ምልክት ነበር። ለፖሊስ ደወለች፤ ቀብሩ ቆመ፤ አስከሬኑ ለምርመራ ተወሰደ። ከቤቱም ትራሱና ፊሽካው ከነገመዱ ተወሰዱ።

ወይዘሮ እታለማሁ ሲሰሙ «ሐሙስ ባይቀበሩ ምንም አይደለም» አሉ። «ውሃ ላይ ስንት ቀን ቆይተዋል።»

አሌክሳንድሪያ ባለው ቤታቸው አቶ ሠረቀብርሃን ሉባባን በአክብሮት ተቀበሏት። ባለ ግርማ ሰው ናቸው፤ ሸሚዛቸው እንደ ደብዳቤ ፖስታ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ። ኮሪደሩ ላይ ያሉት በሮች ሁሉ ተዘግተዋል።

«ጌታ ያጽናናቸው። እኔ ክፍላቸው አልገባሁም። ከኮሪደሩ አየኋቸው፣ ተኝተዋል፤ ሳሎን ተቀምጬ ጸለይኩና ሄድኩ። እህቴ፣ ስለዚያ ልጅ ግን ጠይቂ። ብቻውን ነበር።»

«እጠይቃለሁ። አባትዎም ባሕረኛ ነበሩ አሉ።»

የሰውዬው ፊት በራ። አንዱን በር ከፍተው አስገቧት፤ ወዲያው ከኋላዋ ዘጉት። የተነጠፈ አልጋ፣ የመርከበኛ ኮፍያ፣ በመስታወት የተሸፈነ ፎቶግራፍ።

«እስከ ዕለተ ሞታቸው እዚህ ነው የኖሩት። ምንም አልነካሁም።»

«ጦርነቱ እንቅልፍ አይነሣቸውም ነበር?»

«አባቴን? በጭራሽ! በራቸውን ቆልፈው፣ መጋረጃ ስበው፣ እንደ ሕፃን ነበር የሚተኙት። ሥርዓት ያላቸው ሰው ነበሩ።»

ሉባባ መቆለፊያውን አየችው። ከአጠቃቀም ብዛት ነጥቷል። «አመሰግናለሁ» አለች። «ነገ ከሰዓት በኋላ አስፐን ሂል ይምጡ። ሁሉም ባሉበት ልጨርሰው እፈልጋለሁ።»

ረቡዕ ሁሉም በአባባ ክፍል ተሰበሰቡ። ወይዘሮ እታለማሁ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ቲና ከጎናቸው፣ በፈቃዱ መስኮቱ ሥር መሬት ላይ። ሳሎን ውስጥ አንድ የፖሊስ መርማሪ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። አቶ ሠረቀብርሃን በመጨረሻ ደረሱ።

«ሰላም ለዚህ ቤት» ብለው ገቡ። መንጠቆውን በእጃቸው አላቀቁና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ወይዘሮ እታለማሁ ደነገጡ። ቲና ግማሽ ተነሣች። በፈቃዱ ግን፣ ማንም ሳያዘው፣ ሄዶ በሩን ከፈተና መልሶ ከግድግዳው መንጠቆ ጋር አያያዘው። ከተቀመጠ በኋላ ነው ያደረገውን ያወቀው።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ቲና በሹክሹክታ።

«ጋሽ ሠረቀብርሃን፣ መንጠቆው የት እንዳለ ማን አሳየዎት?» አለች ሉባባ።

«ምን?»

«ከበሩ ኋላ ነው። ከኮሪደር አይታይም። እርስዎ ደግሞ እዚህ ክፍል አልገባሁም ብለውኛል።»

«ሌላ ቀን ገብቼ ይሆናል...»

«ይሁን። እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር። አባባ በዕድሜ አልሞቱም። ከንፈራቸው ውስጥ የበለዘ ምልክት አለ፤ የአስከሬን ምርመራውም ታፍነው እንደሞቱ አረጋግጧል። መጮህ የማይችል ሽማግሌ ፊሽካ ግን ይነፋል። ስለዚህ ገዳዩ መጀመሪያ ፊሽካውን ከአንገታቸው አወለቀ። ሲጨርስ መለሰላቸው፤ ነገር ግን ፒጃማው ውስጥ፣ አንገታቸው ሥር አስተካክሎ። ይህን የሚያደርግ ሰው ፊሽካ ለምን እንደሚጠለቅ የማያውቅ ነው። በፈቃዱ ያውቃል፤ ተቆጥተውታል።»

«እሱ አውቆ ያደረገው ቢሆንስ?» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን።

«በሩንስ? ገዳዩ ሲወጣ በሩን ዘጋ። ማንም ጨዋ ሰው የተኛ ሰው ጥሎ ሲወጣ እንደሚያደርገው። ሳያስብ። በዚህ ቤት ግን ሳያስብ በር የሚዘጋ የለም። አሁን ሁላችሁም አይታችኋል። ሳያስቡ የዘጉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«በር ስለዘጋሁ ነፍሰ ገዳይ? ይህ ምክንያት ይባላል? እኔ የባሕረኛ ልጅ ነኝ!»

«ወደዚያው እየመጣሁ ነበር። ከዚያ ጉዞ የተረፈ ሰው ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ እንኳ በር አይዘጉም፤ ቲና ምክንያቱን ሳታውቅ አትዘጋም። የእርስዎ አባት ግን ቆልፈው፣ እንደ ሕፃን ይተኙ ነበር። ራስዎ ነዎት የነገሩኝ። አቶ ዮሐንስ ያንን ሌሊት አላዩትም፤ መርከቡ ሲመታ በላዩ ላይ አልነበሩም። አባባ እሑድ ሊሉ የነበረው ይህንኑ ነው። አይደለም?»

አቶ ሠረቀብርሃን በሩን አዩ። ክፍት ነው፤ መርማሪው ከሳሎን ተነሥቶ ቆሟል።

«የፊሽካው ገመድ ላብራቶሪ ነው» አለች ሉባባ ድምፅዋን ሳታነሣ። «እጅዎ ካልነካው የሚያሳስብዎ ነገር የለም።»

ሰውዬው ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«'ዮሐንስ ሃሊፋክስ ላይ ከመርከቡ ወርዶ ተደበቀ' አሉኝ። እዚህ አልጋ ላይ ሆነው። 'በሱ ፈረቃ ሙሳ እሳት ሊያነድ ወረደ፤ እዚያው ቀረ። መፍራት ነውር አይደለም፤ ስለዚህ እሱ በሕይወት እያለ ዝም አልኩ። በሙት ስም መነገድ ግን ነውር ነው' አሉኝ። ለመንኳቸው። ተንበርክኬ ለመንኳቸው! 'ሰርጓጅ ያላስፈራኝን አንተ ታስፈራኛለህ?' ብለው ሳቁብኝ። ሳቁብኝ... አባቴን ሊቀብሩብኝ ነበር።»

«አባትህ ሞተው ተቀብረዋል» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አሏቸው። «ያልተቀበረው ሙሳ ነው።»

እሑድ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አዲሱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። በግድግዳው ላይ ያለው፣ የአቶ ዮሐንስ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ነው፤ ምን እንደሚደረግ ማንም አልወሰነም። ሉባባ ከኋላ ቆማ ነበር። ወይዘሮ እታለማሁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ፊት ሲሄዱ አየች።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ፕሮግራሙ ላይ የሉም» አላቸው አስተናጋጁ ወጣት፣ ጎንበስ ብሎ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ሙሳም አልነበረም።»

ማይክራፎኑን አልያዙም። ከአንገታቸው ላይ፣ ከነጠላቸው በላይ፣ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ፊሽካ ተንጠልጥሏል። የአባባ ፊሽካ ፖሊስ ዘንድ ስለሆነ በፈቃዱ ከስፖርት ዕቃ ቤት የገዛላቸው ነው።

«ሙሳ ይባላል» አሉ። «የአባቱን ስም አባቴም አያውቁም ነበር። እስላም ነው። ሰው ሸሽቶ በተወው ፈረቃ ወርዶ አልወጣም። አባቴ ዛሬ ሊጠሩት ነበር፤ አፋቸው ታፈነ። የኔን የሚያፍን ካለ ይምጣ።»

ማንም አልተነሣም። ወይዘሮ እታለማሁ ፊሽካውን አፋቸው ውስጥ ከተው፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ደረታቸው በቻለው መጠን፣ ነፉት።

ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። በፈቃዱ የአዳራሹን በር በጀርባው ደግፎ ወለል አድርጎ እንደከፈተ ቆሟል። ድምፁ በእሱ ትከሻ በኩል አልፎ፣ ፓርኪንጉን ተሻግሮ ሄደ።