አርፋጆቹና መጽሔቱ

በጭሮ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «አዝመራ» የምትባል መጽሔት አለች። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ለወላጆች ቀን፣ አንዴ ለዞኑ ትምህርት ቤቶች ውድድር ትወጣለች። ገጾቿን የሚሞሉት የተማሪዎቹ ክበቦች ናቸው፤ የሳይንስ ክበብ ሙከራውን፣ የሒሳብ ክበብ እንቆቅልሹን፣ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ግጥሙንና መጣጥፉን ያቀርባል። በውድድሩም «አዝመራ» አንደኛ መውጣት ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል።

ለዚህ ሁሉ የሚመሰገነው አንድ ሰው ነው፤ የአማርኛ መምህሩ ህሩይ። መምህር ህሩይ ሰነፍ አይደሉም፣ ክፉም አይደሉም። ቅዳሜና እሑዳቸውን ሳይሰስቱ የተማሪዎቹን ጽሑፍ ቤታቸው ወስደው ያርማሉ። ችግሩ እርማታቸው ላይ ነበር። ፊደል ሊያስተካክል የተነሳው ብዕራቸው ሳይታወቃቸው ዓረፍተ ነገሩን ይለውጣል፤ ቀጥሎ አንቀጹን፣ ቀጥሎ ሐሳቡን። ጽሑፉ ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ከባለቤቱ የቀረው ስሙ ብቻ ይሆናል። ተማሪውም አመስግኖ በንጹሕ ወረቀት ይገለብጠዋል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የጡረተኛ ዳኛ አማርኛ ሲጽፍ «ነገሩ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወላጅ ይደሰታል፣ ዋንጫ ይመጣል፣ ሁሉም ያጨበጭባል።

በዚህ ዓመት ሀኒፋ የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ለምን እናረፍዳለን?» የሚል ጽሑፍ አመጣች። የሀኒፋ እናት ሀሚዳ ጫት ተራ ጫት በማሰር ነው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት። ሀኒፋም ጎህ ሳይቀድ አብራቸው ታስርና፣ መኪናው ጭኖ ሲወጣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች። አንዳንድ ቀን ትደርሳለች፤ አንዳንድ ቀን በሩ ተዘግቶ ይጠብቃታል። ያረፈደ ተማሪ ግቢ ጠርጎ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነበር የሚገባው። ሐሳቡ የመጣላት መጥረጊያ ይዘው ካገኘቻቸው ልጆች ጋር ስታወራ ነው። አብዛኞቹ ከእንቅልፍ ሳይሆን ከሥራ የመጡ ነበሩ።

ከእነሱ አንዱ አክረም ነው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ መኪና ላይ ጫት እየጫነ እናቱን ይረዳል፤ በሒሳብ ክበብ ግን የሚያህለው የለም። አክረም ስለ ቤቱ ለሰው አያወራም። ለሀኒፋ ግን ነገራት፤ ስሙ እንዲጻፍም ፈቀደላት።

መምህር ህሩይ ጽሑፉን አንብበው አስጠሯት።

«ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ሀኒፋ፣ ይሄ እኮ እንግዳ ፊት የሚቀርብ ነገር ነው። ጫት ማሰር፣ መኪና መጫን፣ ግቢ መጥረግ… ገበናችንን አደባባይ ብናወጣው ምን ይጠቅመናል?»

«ቲቸር፣ እውነት እኮ ነው።»

«እውነትነቱንማ ማን ካደ? እውነትም ቢሆን ልብስ ይፈልጋል። አንቺ ተይው፤ እኔ አሳምርልሻለሁ።»

ሀኒፋ መምህሯን ታከብራለች። እሺ ብላ ወጣች።

ዘንድሮ ጊዜ በማጠሩ የታረመው ጽሑፍ ወደ እሷ ሳይመለስ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ገባ። «ለምን እናረፍዳለን?» ቀርቶ «ጊዜ ወርቅ ነው» ሆኗል። አክረም የለም፣ ጫት የለም፣ መኪና የለም። በምትኩ «ማርፈድ የስንፍና የበኩር ልጅ ነው»፣ «አርፋጅ ተማሪ ለቤተሰቡም ለአገሩም ሸክም ነው» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል። መምህር ህሩይ ክፋት አስበው አይደለም። አርፋጅ ሲባል እሳቸው የሚታያቸው ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያንቀላፋ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገቡ።

በወላጆች ቀን የሚኒ ሚዲያው ተማሪ ጽሑፉን በድምፅ ማጉያ አነበበው። መጨረሻ ላይ «ሀኒፋ፣ ከአሥራ አንደኛ ክፍል» ሲል እንግዶቹ አጨበጨቡ። አክረም ከእናቱ ጎን ቆሞ ነበር። ሀኒፋን አንድ ጊዜ አያትና እናቱን ይዞ ወጣ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ መጽሔቱን ከፍ አድርገው አሳዩ። «ተማሪዎቻችን ራሳቸው አርፋጅ ሸክም ነው ብለዋል። ከዛሬ ጀምሮ ያረፈደ ግቢ መጥረግ የለም፤ ወደ ቤቱ ይመለሳል» አሉ። አክረም በዚያ ሳምንት ደጋግሞ ከበሩ ተመለሰ። ከዚያ መምጣቱን ተወ። ትምህርቱን ጥሎ የጭነት መኪና ረዳት ሊሆን ነው ተብሎ ተወራ።

ሀኒፋ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገባች።

«ቲቸር፣ ከክበቡ ስሜን ይሰርዙልኝ።»

«ለምን? ከመጽሔቱ ሁሉ የተወደደው ያንቺ ጽሑፍ ነው እኮ።»

«የእኔ አይደለም። እኔ የጻፍኩት አክረም እንዲገባ ነበር፤ የታተመው ግን አስወጣው። ስሜ ደግሞ ከሥሩ አለ። ጫት ተራ ስሄድ ልጆቹ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። እናቴ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ‹ስለ እኛ ምን ብለሽ ጻፍሽ?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

መምህር ህሩይ ስለ ውድድሩ ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጅቷ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ወጥታ ነበር። ከመሳቢያቸው የመጀመሪያውን ጽሑፏን አወጡ። ያን ጊዜ እንደ አራሚ አንብበውት ነበር፤ አሁን እንደ ሰው አነበቡት። ፊደሉ ይሳሳታል፣ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ይቆማል። መካከል ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «በር ሲዘጋ ከውስጥ ያለ ሰው ድምፁን ነው የሚሰማው። ከውጭ ላለ ሰው ግን ፊቱ ላይ ነው የሚዘጋው።» በዚህ ላይ የራሳቸው ቀይ መስመር አልፎበታል። በዚያ ሁሉ የማስተማር ዘመናቸው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጽፈው አያውቁም፤ መሰረዙን ግን ችለውበታል። ዓይን ልኳል ብሎ ዓይን ማጥፋት ይኼ ነው። መምህር ህሩይ አፈሩ።

ወረቀቱን ይዘው ወደ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ሄዱ።

«አንዴ በሩን ከፈትኩ ማለት እኮ መምህር፣ ሁሉም ማርፈድ ይጀምራል» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ።

«እስቲ መጀመሪያ ልጅቷን ይስሟት፤ ከዚያ ይወስኑ።»

በማግስቱ ከሰንደቅ ዓላማው በኋላ ድምፅ ማጉያውን መምህር ህሩይ ያዙ። «በወላጆች ቀን የተነበበው ጽሑፍ የሀኒፋ አይደለም፤ የእኔ ነው። ሳልጠይቃት ለወጥኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የታተመውን መልሼ አልሰበስበውም። የእሷን ግን እሷው ታንብብላችሁ» ብለው ወረቀቱን ሰጧት።

ሀኒፋ መጀመሪያ ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበች። እየቆየች ስትሄድ ግን ድምፅዋ ጠራ። የዚያን ቀን አርፋጆች ከተዘጋው በር ውጭ ቆመው ይሰማሉ። ስትጨርስ ከወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ጨመረች።

«እኛ አርፍደን እንግባ አይደለም የምንለው። እየሠራ የሚማር ተማሪ ይታወቅና ይግባ። ያመለጠውን ትምህርት ደግሞ ክበቦቻችን ከሰዓት በኋላ ያስጠኑት። ክበብ ለወላጆች ቀን ብቻ ነው እንዴ?»

ከሰልፉ መካከል የሒሳብ ክበቡ ሰብሳቢ ዮዲ እጁን አወጣ። «ሒሳቡን እኛ እንይዛለን» አለ። የሳይንስ ክበብ ልጆችም ተከተሉ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ወደ ዘበኛው ዞረው «በሩን ክፈትላቸው» አሉ።

ከሰዓት በኋላ መምህሩና ሀኒፋ ጫት ተራ ሄደው አክረምን አገኙት። ልጁ ቀና ብሎ ሳያያቸው «ቲቸር፣ እኔ ሰነፍ አይደለሁም» አለ።

«አውቃለሁ። የሰነፍኩት እኔ ነኝ፤ መጠየቅ ሰነፍኩ። ይቅር በለኝና ና፣ ልጄ።»

አክረም ወደ ጭነቱ ተመለሰ። በማግስቱ ግን አርፍዶ መጣ፤ ገባም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የቀረበትን ክፍለ ጊዜ ያስጠኑት እሱ ራሱ ሲያስጠናቸው የነበሩ የሒሳብ ክበቡ ልጆች ናቸው።

በግንቦት ለውድድሩ የወጣችው «አዝመራ» ሌላ ነበረች። መምህር ህሩይ ፊደል ብቻ አረሙ፤ ያልገባቸው ቦታ ሲደርሱ ልጁን ጠርተው «ምን ማለትህ ነው?» ይላሉ፣ እሱም ራሱ ያስተካክላል። በውድድሩ አዳራሽ ጸሐፊዎቹ ጽሑፋቸውን አነበቡ፤ ዳኞቹም አንድ በአንድ ጠየቋቸው። በፊት ተማሪዎቹ ጥያቄ ሲመጣባቸው ወደ መምህሩ ዞረው ያዩ ነበር። ዘንድሮ ማንም አልዞረም።

«ስለ በሩ የጻፍሽውን ከየት አመጣሽው?» አላት ዳኛው ሀኒፋን።

«ከውጭ ቆሜ» አለች።

አዳራሹ ሳቀ፤ ከዚያም ረጅም ጭብጨባ ሆነ። ዋንጫው ወደ መቻራው ትምህርት ቤት ሄደ፤ «አዝመራ» ሦስተኛ ወጣች። አንድ ባልደረባቸው «ዘንድሮስ አመለጠዎት» ሲላቸው መምህር ህሩይ «ምን አመለጠኝ? ልጆቹ ገና ዘንድሮ እኮ ነው የጻፉት» አሉ፤ አንደኛ በወጡባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ አንገታቸውን ቀና አድርገው አያውቁም።

የተማሪን ፊደል ማረም የመምህር ግዴታ ነው፤ የልጅን ሐሳብ ወስዶ የራስን ማስቀመጥ ግን እርማት አይደለም። ለእንግዳ ብለን የምንሸፍነው ገበና ውስጥ የገዛ ልጆቻችን አብረው እንደሚሸፈኑ፣ መምህርም ወላጅም አለቃም የሆንን ሁሉ ልብ እንበል።

ከውድድሩ አዳራሽ ሰው ሲበተን የሀኒፋ እናት ሀሚዳ በሩ ላይ መምህር ህሩይን አስቆሟቸው። ሀኒፋ ያነበበችውን ጎረቤታቸው በኦሮምኛ እየተረጎመችላቸው ቃል በቃል ሰምተዋል።

«ያ ሁሉ ንግግር፣ አንተ ነህ የጻፍክላት?» አሉ በተሰባበረ አማርኛ።

«የለም እህቴ፣ አንድ ቃል የእኔ የለበትም። የራሷ ነው።»

ሀሚዳ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኢንተላ ቲያ» አሉ፣ የእኔ ልጅ። ከዚያም ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ሰው፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ እየደጋገሙ ይኼንኑ ሲናገሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።