ያልተዘጋው የዳንቴል ቀለበት

ወይዘሮ አየሁሽ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ፤ ፊታቸው አብጦ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ጣቶቻቸው ጅምር ዳንቴል እንደያዙ። መርማሪዋ ወይንእሸት ከሞጣ ተጠርታ ቢቸና ስትገባ ቀብሩ አልቆ፣ ከተማውም ፍርዱን ሰጥቶ ነበር። ገዳይዋ ፍሬ ናት ተብሏል። ፍሬ የሟቿ የዳንቴል ተማሪ ናት፤ ብርዝ ይዛላቸው ገብታ ጮኸች፣ ጎረቤት ሲደርስ ብርዙ መሬት ላይ ፈሷል። ያበጠ ፊትና የፈሰሰ ብርዝ ከተገናኙ መርዝ መባሉ የት ይቀራል! የአስከሬን ምርመራውን ውጤት የጠበቀ አልነበረም፤ ልጅቷ ታስራለች። ወይንእሸትን ያበገናት ይኸው ጥድፊያ ነው።

በመጀመሪያ የግቢውን ተከራይ፣ ነርሷን እፀገነትን አነጋገረች።

«ቀትር ላይ ወደ ሞጣ ስሳፈር ደህና ነበሩ» አለች እፀገነት ዓይኗን እየጠረገች። «እጃቸው ላይ የተገኘችውን የዳንቴል አበባ ከመጀመሪያው ቋጠሮ ጀምረው በዓይኔ እያየሁ ነው የሠሯት። እኔም እኮ ተማሪያቸው ነኝ።»

«ጠዋት ሌላ ሰው መጥቶ ነበር?»

«እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። ከኔ በኋላ የገባችው ፍሬ ናት።»

የሟቿ ታላቅ ወንድም አቶ ከፋለ ግን ጥያቄም አልጠበቁም። «እህቴ ጉሮሮዋን ከመታመሟ በቀር ምን ሆና? ያቺ ልጅ ናት የበላችብኝ!»

ወይንእሸት ዳንቴሉን ይዛ ፍሬ ወደታሰረችበት ሄደች፤ ከጣት የማትበልጥ፣ ክር የተጠቀለለባት መወርወሪያም ሰጠቻት።

«ሥራውን አስተምሪኝ።»

ፍሬ ግራ ገባት፤ ቢሆንም የመርማሪዋን ግራ እጅ ይዛ ክሩን በጣቶቿ ዙሪያ አዞረችው። «መወርወሪያዋን ከሥር ያሳልፏት። አሁን የግራ ጣቶችዎን ላላ፣ የመወርወሪያዋን ክር ወጠር! ቋጠሮው ወደ ጣትዎ ክር መሻገር አለበት። ከተሻገረ ይንሸራተታል፤ መጨረሻ ላይ ሲስቡት ቀለበቱ ይዘጋል።»

ወይንእሸት ቋጠረች፤ ሳበች። አልዘጋም።

«አልተሻገረማ!» ፍሬ ከታሰረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ላልለመደ ዓይን ልዩነቱ አይታይም። ስንሳሳት እትዬ ዝም ብለው ፈትተው ያስተካክሉልን ነበር።»

በማግሥቱ ሁሉም በሟቿ ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ፍሬም በፖሊስ ታጅባ መጣች። ወይንእሸት ከሟቿ እጅ የተገኘውን ዳንቴል ለአቶ ከፋለ ሰጠቻቸው።

«ይሳቡት።»

ሳቡ። ንቅንቅ አላለም። ከእህታቸው ቅርጫት ሌላ ጅምር አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ይኼኛው ገና ሲነኩት እጥፍ ብሎ ተዘጋ።

«ዕድሜ ልካቸውን ዳንቴል ያስተማሩ ሴት የማይዘጋ ቀለበት አይሠሩም» አለች ወይንእሸት። «የጀማሪ እጅ ነው።»

«ፍሬ ሠርታው ቢሆንስ?» አለች እፀገነት ቸኩላ።

«ታዲያ እሳቸው ሲሠሩ በዓይኔ አየሁ ያልሽው ምኑን ነው?»

እፀገነት ወደ በሩ አየች፤ ወይንእሸት ቀጠለች።

«ይህን ሠርተሽ እጃቸው ላይ በማኖር እየሠሩ እንደነበር ማስመሰል ያስፈለገሽ ከመሳፈርሽ ቀድመው ስለሞቱ ነው። ጠዋት ደግሞ ከሁለታችሁ በቀር ሰው አልነበረም ብለሻል። ጉሮሯቸውን አሟቸዋል፤ አንቺ ነርስ ነሽ። ፊት የሚያሳብጥ መርዝ ብቻ አይደለም፤ ያልተስማማ መድኃኒትም ያሳብጣል። ምን ወጋሻቸው?»

«ፔኒሲሊን…» እፀገነት ፊቷን ሸፈነች። «ይስማማዎታል ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ዓይኔ እያየ ትንፋሽ አጠራቸው። ደነገጥኩ፤ ከሥራዬ እባረራለሁ፣ እታሰራለሁ ብዬ ፈራሁ። ፍሬን ግን ይዘው ይለቋታል ብዬ ነበር…»

ሁሉም ፍሬን አዩ። ትጮኻለች፣ ትሳደባለች ብለው ጠብቀው ነበር። እሷ ስለ እስሯ አንድም ቃል አላነሳችም።

«ቀብራቸው ላይ ቆመሽ አለቀስሽ» አለቻት ቀስ ብላ። «እኔን ግን አስቀረሽኝ።»

አቶ ከፋለ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። በሰው ፊት ገዳይ ብለው የጮኹባት እሳቸው ናቸው፤ ሐፍረቱ አንገበገባቸው። ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ።

«ነይ፣ ልጄ። መቃብሯን ላሳይሽ።»

ፍሬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለቻቸው።